ጋሽ አልታዬ የፈሩት ቁልቁለት

ሰዎች ስለ ጋሽ አልታዬ «ፍርሃት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነበር» ይላሉ። ውሸት ነው። በሕይወቴ ካጋጠሙኝ ሰዎች ሁሉ እንደ እሳቸው የሚፈራ አላየሁም።

ይህን ስጽፍ የሞተ ሰው ማሳነሴ እንዳይመስል። ባለፈው ወር ከአርባ ምንጭ ስልክ ተደውሎ ማረፋቸውን ሰማሁ። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ምዕራብ ዓባያን ስናልፍ ሹፌሩ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ በሌላው ስልክ ያወራ ነበር፤ መሪውን ማን እንደያዘው እግዜር ይወቅ። ጋሽ አልታዬ ከጎኔ ቢኖሩ ምን ይሉ እንደነበር አሰብኩ። ምንም አይሉም። ወርደው በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

ለቀብሩ አልደረስኩም። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ግን ቦታ አላጣሁም። በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪካቸው ተባዝቶ ለእንግዳ ይታደላል። «ሞትን የናቀ፣ ብረትና ጎርፍ ያላስደነገጠው ጀግና መካኒክ» ይላል። ወረቀቱን ይዤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አመነች አጠገብ ተቀመጥኩና ይህችን መስመር ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉኝ።

«ጋሽ አልታዬ ናቸዋ።»

«የኔ ባል? በሩን ቆልፎ ሦስቴ ተመልሶ የሚነካ ሰው? ሰማይ ሲያጉረመርም ከአልጋ ወርዶ ጫማውን የሚያስር ሰው?» ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ተወው ልጄ። ለሞተ ሰው የሚያምረውን ነው የሚጽፉለት።»

እሳቸው ቢተውትም እኔ አልተውኩትም። ጋሽ አልታዬን ጀግና ማለት ሙያቸውን መንጠቅ ነው። ፍርሃታቸው ሙያቸው ነበር። እኔ ይህን የማውቀው አስተዋይ ስለሆንኩ አይደለም፤ አንድ ቀን ስለ ፈረምኩ ነው።

ያወቅኳቸው በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። እኔ ከጎጃም መጥቼ፣ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ማንም የማይፈልገው ቦታ ስለ ደረሰኝ አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተመደብኩ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ነበር። ያነበበ ወጣት ደግሞ የሚያስፈራ ነገር ቢያይም ምክንያቱን ካወቀ በኋላ አይፈራም፤ ቢያንስ ራሱን እንደዚያ ያሳምናል። ሥራዬ የመውጫ ወረቀት ማዘጋጀት ነበር። ማንኛውም ማሽን ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱ ላይ ሦስት ፊርማ ያርፋል፤ ከላይ የመካኒኩ፣ ከሥሩ የኔ፣ ከታች የበር ጠባቂው። ቅደም ተከተሉን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ማንም ይሁን፣ እንደ እኔ ያለውን ሰው ያውቅ ነበር።

እርሻው ሁለት ባለሰንሰለት ትራክተሮች ነበሩት፤ ሰዉ ዶዘር ይላቸዋል። አንደኛው ከሞተ ቆይቷል፤ ብሎኑ፣ ቧንቧው፣ ኩሽኔታው እየተፈታ ለሁለተኛዋ ይገጠማል። የምትሠራዋ በዕድሜ ትበልጠኝ ነበር። መለዋወጫዋን የሚሠራ ሰው በዓለም ላይ ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም። መሪ የላትም። ኦፕሬተሩ ፊት ለፊት ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ቆመዋል፤ ግራውን ሲስብ የግራው ሰንሰለት ከሞተሩ ጉልበት ይላቀቃል፣ ቀኙን ሲስብ የቀኙ። በእግሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰንሰለት የራሱ ፍሬን አለው። በጎኗ ትልቁን የናፍጣ ሞተር የምታስነሳ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ተለጥፋለች። ጠዋት ጠዋት ትንሿ እየጮኸች ትልቁን ስትቀሰቅስ፣ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ያቆማል፤ ይነሳል ወይስ አይነሳም? እኛ ለአንድ ደቂቃ እንጨነቃለን። ጋሽ አልታዬ ግን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነበር መጨነቅ የሚጀምሩት።

«ሲጮህ አልፈራም» ይሉ ነበር። «መጮኹን ሲተው ጥሩኝ።»

ከጨንቻ የወረዱ፣ አጭር፣ ጭንቅላታቸውን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ሰላምታ ስትሰጣቸውም እንደዚያው ነው፤ አንተንም እንደ ሞተር የሚያዳምጡህ ይመስላል። አማርኛቸው ከጋሞኛ በኋላ የመጣ ስለሆነ ዶዘሯን አንድ ጊዜ «እሱ» ሌላ ጊዜ «እሷ» ይሏታል። ጠዋት መጥተው ኮፈኗን እየዳበሱ «ሳሮ» ይሏታል፤ በአገራቸው ቋንቋ ሰላም ማለት ነው። ኦፕሬተሮቹ «አሮጊቷ» ሲሏት ይቆጡ ነበር። «አሮጊት ትሞታለች። ስም ፈልጉላት።» ማንም አልፈለገላትም።

ማሽኗ ከሥራ ስትመለስ ገና ሳትበርድ በጎኗ ተንበርክከው፣ ሰንሰለቱ የሚንከባለልባቸውን ክብ ብረቶች አንድ በአንድ በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ። በመዳፍ አይደለም። «መዳፌ ሠላሳ ዓመት ብረት ይዟል፤ ይዋሻል» ይሉ ነበር። የእጃቸው ጀርባ እስከ አምስት እስኪቆጥሩ ከቻለ ደህና ነው። ካልቻለ ውስጡ ቅባት አልቋል ማለት ነውና ያ ብረት ሳይፈታ ማሽኗ አትንቀሳቀስም። ብሎን ካጠበቁ በኋላ በብሎኑና በተቀመጠበት ብረት ላይ በአንድነት አንዲት የኖራ መስመር ያሰምሩበታል። መስመሯ ከተሰበረች ብሎኑ ዞሯል። ማሽኗ በነጭ ጭረት ተሸፍና ከሩቅ ስትታይ የሜዳ አህያ ትመስል ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ እናፍርባት ነበር።

ከሁሉ የባሰው የፒኑ ጉዳይ ነው። ሰንሰለቱ የሚፈታው በአንድ ዋና ፒን ነው። ጋሽ አልታዬ ዶዘሯ ስትቆም ድንገት ብትበላሽ በቀላሉ እንዲፈታ ይህ ፒን ከፊት በኩል፣ በወገብ ቁመት መሆን አለበት ብለው ደንብ አወጡ። ኦፕሬተሩ ማርቆስ የሶዶ ልጅ ነው፤ ቀልደኛ፣ ሥራ የሚችል፣ የጋሽ አልታዬ የዘወትር ፈተና።

«ማርቆስ፣ ፒኑ የታለ?»

«ከሥር ገብቷል ጋሼ። ነገ ይወጣል።»

«ነገን አየኸው እንዴ?»

«አንድ ክንድ ለማንቀሳቀስ ሞተር ላስነሳ?»

«አስነሳ።»

«ጋሼ፣ እማማ አመነችንም ቤት ስትገባ እንዲህ ነው የምትፈትሻት?»

«እሷ ስምንት ቶን አትመዝንም። አስነሳ አልኩህ።»

ማርቆስ እየሳቀ ያስነሳል። እኔም ቢሮዬ በር ላይ ቆሜ እስቃለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋቸውን እየበሉ ሳለ ጠየቅኳቸው። በልጅነት፣ በሌላ እርሻ፣ የሞተ ሰው ወይም የተቆረጠ እጅ ያለበት አንድ ታሪክ መኖር አለበት ብዬ ነበር። የማነባቸው መጻሕፍት ውስጥ ፍርሃት ሁሉ ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ሲነገር ደግሞ ይድናል።

«ጋሽ አልታዬ፣ ምን ደርሶብዎት ነው እንዲህ የሚፈሩት?»

ጎርሰው ጨረሱ። «ምንም አልደረሰብኝም» አሉ። «ለዚህ ነው የምፈራው።»

ስናወራ ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም። ሁልጊዜ ምሳ ሲበሉ ፊታቸውን ወደ ደጋው አዙረው ነው። አርባ ምንጭ ላይ ፀሐይ ጭንቅላት እየበሳ ኩልፎ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ነው፣ የሚከፈለው ታች። እኛ ከሌላ አገር የመጣነው ሰማዩን ቀና ብለን አይተን ጃንጥላችንን ቤት ትተን እንወጣለን። እሳቸው ተራራውን አይተው ይወስናሉ።

በዚያ ዓመት የበልግ ዝናብ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ያለፈው ዓመት ጎርፍ ኩልፎን የሚያግደውን የእርሻውን የአፈር ግድብ አንድ ቦታ ላይ በልቶት ነበር። ከቀዳዳው ሥር የሠራተኞች ቤቶች አሉ፤ የጭቃ ቤቶች፣ በር ላይ ሕፃናት የሚጫወቱባቸው። ቀዳዳውን ሊሞላ የሚችል አንድ ማሽን ብቻ ነው። የዚያች ማሽን የግራ ፍሬን ደግሞ ሸራው ተበልቶ አልቋል።

ጋሽ አልታዬ ፍሬኑን ፈትተው አዩትና አልፈርምም አሉ። ሁለት ቀን ጠየቁ። ከአሮጌ የጭነት መኪና የፍሬን ሸራ ቆርጠው፣ በዶዘሯ ብረት ላይ በሪቬት፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚይዝ ምስማር፣ ሊመቱት ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታሁን፣ እንደ እኔ ከሰሜን የመጡ፣ ችኩል ግን ክፉ ያልሆኑ ሰው፣ ወደ ጋራዡ መጥተው ጮኹ።

«ቀኙ ይሠራል አይደለም እንዴ? ሜዳ ላይ አፈር ለመግፋት ሁለት ፍሬን ምን ያደርጋል?»

«ሜዳ ላይ ምንም አያደርግም» አሉ ጋሽ አልታዬ። «ቁልቁለቱ ላይ ነው።»

ወደ ግድቡ አናት የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ የሚያወርደውም እሱው። ሲወርዱ ኩልፎ በቀኝ በኩል ነው፤ መንገዱ መሐል ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ታዲያ ወደ ግራ ለመታጠፍ ግራውን መሳብ ነው፣ ምን ችግር አለው? እኔም ይህንኑ ጠየቅኩ። ጋሽ አልታዬ ከኋላዬ መጡና ሁለት እጆቼን የኋሊት ያዙኝ። ጋራዡ በር ላይ ትንሽ ቁልቁለት አለች።

«ሩጥ» አሉኝ።

ሮጥኩ። እሳቸው ከኋላ ይዘው ይጎትቱኛል። ወዲያው ግራ እጄን ለቀቁት። ግራ ጎኔ ወደ ፊት ተፈተለከ፤ ቀኜ እንደተያዘ ነበርና ወደ ቀኝ ዞሬ ግንቡን ልገጨው ለጥቂት ቀረ። ኦፕሬተሮቹ በሳቅ ወደቁ።

«ይኸው» አሉ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ሜዳ ላይ ሞተሩ ይገፋል። ቁልቁል ግን ሞተሩ ይይዛል። ግራውን ስትስብ የያዘውን ለቀቅከው ማለት ነው። ፍሬን ካለ ወዲያው ትረግጠዋለህ፣ ወደ ግራ ይዞራል። ፍሬን ከሌለ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀኝ ደግሞ ወንዝ ነው።»

ማርቆስ እንባውን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ይሄን እኔም አውቃለሁ። ቁልቁል ላይ ተቃራኒውን እስባለሁ። ቀኙን። አለቀ።»

«አሁን ታውቃለህ» አሉት። «ስትደነግጥ ግን የሚያውቀው እጅህ ነው። እጅህ ደግሞ ይሄን አልተማረም።»

አቶ ጌታሁን ተራራውን ሳይሆን ሰዓታቸውን አዩ። «ሁለት ቀን» አሉና ሄዱ።

በነዚያ ሁለት ቀናት ጋሽ አልታዬ ያደረጉት አንድ ነገር ለሁላችንም መሳለቂያ ሆኖ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራቸውን ትተው፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዘው ግድቡ ላይ ወጡ፤ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ጫፍ፣ ከመንገዱ ዳር፣ በአካፋ አፈር አስቆለሉ። ትልቅ ክምር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ይኑር» ብቻ ነው መልሳቸው። ፍሬኑ ጥገና በሚጠብቅበት ሰዓት አፈር የሚያስቆልል መካኒክ! ማርቆስ «ጋሼ መቃብሬን ከወዲሁ እየሠራልኝ ነው፤ ድንጋዩን ግን ጥሩ አድርግልኝ» አለ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሪቬቱ አልበቃ አላቸው። ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ አንድ የሚያውቁት የመኪና ፍሬን ሠሪ ስላለ በሚኒባስ ወደዚያ ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ።

«እስከ ስምንት ሰዓት እመለሳለሁ።»

«እሺ ጋሽ አልታዬ።»

«ስምንት ሰዓት።»

«ሰማሁ እኮ።»

አራት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ጌታሁን መጡ። ደጋው ላይ ዝናብ መጣሉን ከጨንቻ የወረደ ሹፌር ነግሯቸዋል። ማርቆስ ፍሬኑን ባለበት እንዲገጥመው አዝዘዋል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ፈርም።»

«መካኒኩ አልፈረሙም።»

«እሱ መቼ ፈርሞ ያውቃል? ወንዙ የሱን ፊርማ የሚጠብቅ ይመስልሃል? እዚያ ሥር ያሉትን ቤቶች አይተሃቸዋል?»

አይቻቸዋለሁ። ራሴን ለመከላከል ብፈልግ የምናገረው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜም በአእምሮዬ በሥርዓት ደርድሬው ነበር። ማርቆስ ተቃራኒውን ዘንግ መሳብ እንዳለበት ያውቃል። ቤቶቹ ውስጥ ሰው አለ። ጋሽ አልታዬ ሁሉን የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ ሁሉን የሚፈራ ሰው ስለ አንዱ ቢሳሳት ምን ያስደንቃል? በጣም የተስተካከለ ሐሳብ ነበር። ከላይ ያለውን መስመር ባዶውን ትቼ ከሥሩ ፈረምኩ። በር ጠባቂው የኔን ፊርማ ሲያይ የላዩን አልፈለገም። ማርቆስ ዶዘሯ ላይ ተቀምጦ በቢሮዬ መስኮት ሲያልፍ፣

«ጸሐፊው፣ ፈረምክ አሉ! በል ስወድቅ ሮጠህ ያዘኝ!» ብሎ ጮኸ።

ጋሽ አልታዬ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሪቬት በእጃቸው ይዘዋል። ማሽኗ ትቆምበት የነበረውን ቦታ አዩ፤ አራት የዘይት ጠብታ ብቻ ነው የቀረው።

«ማን ፈረመ?»

«እኔ።»

ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ዞረው ተራራውን አዩ። እኔም አየሁ። እላያችን ፀሐይ ነው፤ ከላይ ደጋው ግን አልነበረም፤ ጥቁር ነገር ውጦታል። ሪቬቱን ኪሳቸው ከተው መሮጥ ጀመሩ። ተከተልኳቸው። ሙዝ ሊጭን የሚሄድ ባዶ ተሳቢ አገኘንና ተንጠለጠልንበት። መንገዱን ሁሉ አንድም ነገር አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቶቻቸውን ግን ይቆጥሩ ነበር፤ ከአንድ እስከ አምስት፣ እንደገና ከአንድ እስከ አምስት።

«ማርቆስ እኮ ያውቃል» አልኩ።

«ያውቃል» አሉ። መቁጠራቸውን አላቆሙም።

ስንደርስ ማርቆስ ቀዳዳውን ሞልቶ ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ኩልፎ ግን መልኩ ተቀይሯል። ውሃው ቡና መስሎ፣ የሙዝ ግንድ ተሸክሞ፣ ድምፁ ከሞተሩ በላይ እየተሰማ ነው። አካፋ የያዙት የቀን ሠራተኞች እየሮጡ ይወርዳሉ፤ አንዷ ነጠላ ጫማዋን ትታ አልፋናለች። ማርቆስ የመጨረሻውን አፈር ገፋና ማሽኗን አዞረ። ከፊት ያለውን ትልቁን አካፋዋን ወደ ላይ አንስቶ፣ በሙሉ ፍጥነቷ ወደ ቁልቁለቱ መጣ። ፍጥነቷ ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥም። ጭንቀቱም እሱ ነው፤ ለማየት ሰፊ ጊዜ አለህ፣ ለማድረግ ግን ምንም የለህም።

ጋሽ አልታዬ ቁልቁለቱን ወጡ። እኔ ታች ቀረሁ። አናቱ ላይ ከማሽኗ ፊት ቆሙና ፊታቸውን ወደ ማርቆስ አድርገው የኋሊት መራመድ ጀመሩ። በእጃቸው ጀርባ ወደ ክምሩ አመለከቱ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ወደ መሬት ተጫኑ። አካፋውን አውርድ። ማርቆስ «አይሆንም» በሚል አንገቱን ነቀነቀ፤ የሚጮኸው አይሰማም። እንደገና፦ ክምሩ፣ መሬት። አካፋው ወረደ። ማሽኗ ያንን የተሳለቅንበትን አፈር ከመንገዱ ዳር ዛቀችና እየገፋችው ቁልቁል ገባች።

ያኔ ገባኝ። አፈሩ ሲከብዳት ወደ ታች የምትንሸራተት ማሽን አይደለችም፤ የምትገፋ ማሽን ናት። ሞተሩ መያዙን ትቶ መግፋት ጀመረ። ቁልቁለቱ ለእሷ ሜዳ ሆነ።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ከዳሩ አንድ ቁራጭ መሬት ተንዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ማርቆስ ደነገጠ። እጁ ወደ ዘንጉ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። የሳበው ግራውን ነው።

ማሽኗ ቀስ ብላ ወደ ግራ ዞረች።

ሰው ሁሉ ያየው አንድ ሽማግሌ ከዶዘር ፊት የኋሊት እየሄደ በጎርፍ አፋፍ ላይ በእጁ ሲመራት ነው፤ «ፍርሃት ያልፈጠረበት» የሚለው ወሬ በዚያች ደቂቃ ተወለደ። እኔ ያየሁት ትንሽ ይለያል። ማሽኗ ሜዳው ላይ እንደቆመች ጋሽ አልታዬ ዳር ካለው የሙዝ ተክል ውስጥ ገቡ። ተከተልኳቸው። ተንበርክከው ያስመልሳቸዋል። ሱሪያቸው ርሷል፤ ከወንዙ አልነበረም። ኮቴን አውልቄ... ኮት አልነበረኝም፤ ሹራቤን አውልቄ ሰጠኋቸው፤ ወገባቸው ላይ አሰሩት።

«ክምሩን...» አልኩ። «ፍሬኑ ሊሠራ ነው እያሉ ክምሩን ለምን አሠሩት?»

አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«ትፈርማለህ ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስድብ ነው። እሳቸው ግን የተናገሩት የኖራ መስመሯ መሰበሯን እንደሚናገሩት ነበር። ቀጥለውም፦ «አንተን ማረም አልችልም። ማርቆስንም አልችልም። ቁልቁለቱን ግን እችላለሁ።»

አሁን እውነት እንነጋገር። ግድቡ ያን ቀን ያዘ። ማሽኗ እስከ ማግስቱ ግቢ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ውሃው ቤቶቹ ውስጥ ይገባ ነበር። አቶ ጌታሁን አልተሳሳቱም፤ እኔም፣ በአንድ በኩል ካያችሁት፣ አልተሳሳትኩም። «ቆራጥ ውሳኔ» የሚል የምስጋና ደብዳቤ ሁሉ ተጽፎልኛል። ለጋሽ አልታዬ አልተጻፈላቸውም፤ ሳይፈርሙበት በወጣ ማሽን ላይ ምን ሠሩ ተብሎ ይጻፋል? ውጤቱ ሲያምር የተሠራው ስህተት የሚታጠብ ይመስለናል። አይታጠብም። እኔ የፈረምኩት ስለ አፈሩ ክምር ምንም ሳላውቅ ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ፍሬኑን በሪቬት እየመቱ ነበር።

«ጋሽ አልታዬ፣ እዚህች ላይ ቢፈርሙልኝ። ፋይሉ ጎዶሎ ሆነ።»

መዶሻውን አስቀመጡ። ወረቀቱን በጥቁር ጣታቸው እንዳይነኩት ተጠንቅቀው ከሩቅ አዩት።

«ተወው» አሉ። «ባዶ ነበር፤ ባዶ ይሁን።»

ዛሬም እኔ ጋ አለ።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ማርቆስ እዚያ ነበር፤ ወፍሯል፣ ሸብቷል፣ የልጅ ልጆች አሉት። በለቀስተኛው መሐል ተቀምጦ ያንን ቀን ይተርካል፤ በየዓመቱ ሲተርከው እንደኖረ ያስታውቃል። ጋሼ እንደ ጦር አዝማች ከፊት ከፊት፣ ወንዙ እንደ አንበሳ ከጎን። «መታጠፊያው ሲናድ ቀኙን ስቤ፣ ቀጥ አድርጌ አወረድኳት» አለ። ሰዉ አጨበጨበ ማለት ይቻላል፤ ልቅሶ ቤት መሆኑ ነው ያዳነን።

ሰዉ ሳሳ ሲል ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጸሐፊው።»

«አቤት ማርቆስ።»

«አንተ ከታች ነበርክ። እውነቱን ንገረኝ።» የተባዛውን የሕይወት ታሪክ በጣቶቹ መሐል ያሸዋል። «የቱን ነበር የሳብኩት?»

ያን ሁሉ ዓመት ሲተርክ የኖረው ሰው፣ ያን ሁሉ ዓመት ራሱን ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነበር።

«ግራውን» አልኩት።

እጆቹን አየ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።

«እሱ አይቷል?»

«ከፊትህ ነበሩ። አይተዋል።»

«እስከ ጡረታው አብረን ሠራን። አንድ ቀን አልነገረኝም።» ሊስቅ ሞከረ። «ፒኑ የታለ እያለ ነፍሴን ያወጣት የነበረው ሰውዬ፣ ይሄን ዝም አለ?»

ዝም ያሉበትን ምክንያት እኔ ጠይቄያቸው ነበር፤ ያኔ፣ ፍሬኑ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ። «ፍሬኑ ተሠርቷል» ብለውኝ ነበር። «ከእንግዲህ ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? እጁን መፍራት ይጀምራል። የሱን ፈንታ እኔ እፈራለሁ።» ይህን ለማርቆስ ነገርኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከድንኳኑ ወጣ፤ እስክሄድ ድረስ አልተመለሰም።

ጀግና ናቸው ለምትሉት የምለው የለኝም፤ እንደ ፈለጋችሁ በሉ። ለአንተ ግን፣ ይህን ለምታነበው፣ አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ወይም ነገ አንድ ወረቀት ፊትህ ይቀመጣል። ከስምህ በላይ ያለውን መስመር እይ። ባዶ ከሆነ አትፈርም።